ለኮር የተካፈለ ዋጋ ያሳስታል፦ ኤፒክ 9654 ወይስ ዚኦን 8480 ፕላስ?

የሰርቨር ፕሮሰሰሮች ሲነጻጸሩ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስሌት አንድ ነው። ዋጋው ለኮሮቹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለብቻቸው ሥራ ለሚያስኬዱት ክፍሎች) ብዛት ይካፈላል፤ ከዚያ አነስ ያለ ቁጥር የወጣለት አሸናፊ ይባላል። በዚህ መንገድ ከሄድን የኤኤምዲ ኤፒክ 9654 እና የኢንቴል ዚኦን ፕላቲነም 8480 ፕላስ ፉክክር ገና ሳይጀመር ያለቀ ነው። ኤፒኩ 96 ኮር ይዞ ገበያ ላይ ሲወጣ የዝርዝር ዋጋው 11,805 ዶላር ነበር። ዚኦኑ ደግሞ 56 ኮር ይዞ 10,710 ዶላር። አንድ ኮር በኤፒኩ 123 ዶላር ገደማ፣ በዚኦኑ 191 ዶላር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። እኔ ግን በዚህ ስሌት ብቻ የሚወሰን ግዢ ለከፍተኛ ኪሳራ ይዳርጋል ባይ ነኝ።

ሁለቱ የአንድ ዘመን ተፎካካሪዎች ናቸው። ኤፒኩ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ፣ ዚኦኑ በ2023 መጀመሪያ ነው የወጡት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ኩባንያዎች አዳዲስ ትውልዶችን ቢያወጡም፣ እነዚህ ዛሬም በየሰርቨር ክፍሉ በሥራ ላይ ናቸው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ኤፒኩን ከኢንቴሉ ዚኦን 8490ኤች ጋር ማወዳደር ይወዳሉ፤ ያ 60 ኮር ያለውና 17,000 ዶላር የተተመነለት ነው። ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም። የዚያ ዋጋ በአንድ ማሽን ውስጥ ስምንት ፕሮሰሰር ድረስ የማጣመር ችሎታን ይጨምራል፤ ይህን የማይፈልግ ገዢ መጀመሪያውኑ አይገዛውም።

ኤፒኩ የሚያሸንፍበት ሜዳ ሰፊ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን (በአንድ ሰርቨር ውስጥ እንደ ተለያዩ ኮምፒውተሮች የሚሠሩትን) ለሚያስተናግድ፣ ለድረ ገጽ አገልግሎት፣ ትልልቅ ፕሮግራሞችን ኮምፓይል ለሚያደርግ፣ ለምስል ቅንብር፣ በአጠቃላይ ሥራው ለብዙ ኮር ተከፋፍሎ በየራሱ ለሚሄድ ሁሉ 96 ኮር ከ56 ይበልጣል። የአንድ ኮር ፍጥነትም ቢሆን ዚኦኑን የሚያድን ልዩነት የለውም፤ ከፍተኛው ፍጥነት በአንዱ 3.7፣ በሌላው 3.8 ጊጋኸርትዝ ነው። የኃይል ወሰናቸው 360 እና 350 ዋት ነው። 40 ተጨማሪ ኮር በ10 ዋት ልዩነት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ከኮር ይልቅ ብዙ ሰው የማያየው ጥቅም ደግሞ የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመሮቹ፣ ማለትም ዲስኮችና ካርዶች ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኙባቸው መንገዶች ናቸው። ኤፒኩ 128፣ ዚኦኑ 80 አላቸው። እያንዳንዱ ኤንቪኤምኢ (በእነዚህ መስመሮች የሚገናኝ ፈጣን) ዲስክ አራት መስመር ይይዛል። 24 ዲስክ ያለው የማከማቻ ሰርቨር ለዲስኮቹ ብቻ 96 መስመር ይፈልጋል። አንድ ኤፒክ ይህን ችሎ ለኔትወርክ ካርዶችም ይተርፈዋል። በዚኦን በኩል ሁለተኛ ፕሮሰሰር መጨመር ወይም በመሃል ማከፋፈያ ቺፕ ማስገባት ግድ ይሆናል። እንዲህ ላለ ሥራ ኤፒኩን የሚያስመርጠው የኮሩ ብዛት ሳይሆን አንድ ሶኬት (የፕሮሰሰር መቀመጫ) ማትረፉ ነው።

ወደ ሜሞሪ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ኤፒኩ 12፣ ዚኦኑ 8 የሜሞሪ ቻናል (ፕሮሰሰሩን ከራሙ ጋር የሚያገናኝ መንገድ) አላቸው፤ ሁለቱም ዲዲአር5 የተባለውን የራም ዓይነት በ4800 ፍጥነት ይጠቀማሉ። በጠቅላላው ኤፒኩ በሰከንድ 460.8 ጊጋባይት፣ ዚኦኑ 307.2 ጊጋባይት ማስተላለፍ ይችላሉ። ይህ ለኮሮቹ ሲካፈል ግን ኤፒኩ ለአንድ ኮር 4.8፣ ዚኦኑ 5.5 ጊጋባይት ገደማ ይደርሳቸዋል። ኮሩ በ71 በመቶ ሲበልጥ የሜሞሪው አቅም በ50 በመቶ ብቻ ነው የበለጠው። ከሜሞሪ ሳያቋርጥ ለሚቀዳ ሥራ፣ ለምሳሌ ለአየር ጠባይ ትንበያ ወይም ለፈሳሽ ፍሰት ስሌት፣ የኤፒኩ ብልጫ ከኮሩ ብዛት ይልቅ ወደ ሜሞሪው ብልጫ ይጠጋል። ብልጫው አለ፤ ግን 71 በመቶ ተብሎ የተሸጠለት ሰው ያዝናል።

ከዚህ የከፋው ገዢው በገዛ እጁ የሚሠራው ስህተት ነው። ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ባለ 12 ቻናሉ ሰርቨር ላይ አራት ትልልቅ ራም ብቻ ተሰክቶ ይታዘዛል። የሜሞሪው መጠን በቂ ነው፤ ቻናሎቹ ግን ስምንቱ ባዶ ናቸው። ያ 460.8 የነበረው ወደ 153.6 ይወርዳል፤ ለአንድ ኮር 1.6 ጊጋባይት ማለት ነው። ሁሉንም ቻናል በትንንሽ ራም መሙላት እየተቻለ ይህ መደረጉ በጣም ያናድዳል። በዚህ ሁኔታ ያለ ኤፒክ ስምንቱም ቻናል ከተሞላለት ዚኦን ጋር በሜሞሪ ሥራ ቢወዳደር ሽንፈቱ የፕሮሰሰሩ አይደለም።

ካሹም (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ግን ፈጣን ሜሞሪ) እንዲሁ በቁጥሩ ብቻ አይታይም። ኤፒኩ 384 ሜጋባይት የሦስተኛ ደረጃ ካሽ አለው ይባላል፤ እውነት ነው። ግን በ12 ቁራጮች የተከፋፈለ ስለሆነ አንድ ኮር እንደ ራሱ የሚጠቀመው አጠገቡ ያለውን 32 ሜጋባይት ነው። የዚኦኑ 105 ሜጋባይት በኮሮቹ ሁሉ የጋራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሶፍትዌር ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) ልምጣ። ትልልቅ ሶፍትዌሮች የሚሸጡት በኮር ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር ከ2016 እትሙ ጀምሮ በኮር ነው የሚከፈልበት። የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ሻጩ ቪኤምዌር እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ላይሰንስ የሚሸፍነውን በ32 ኮር ገደበው፤ በኋላም ጨርሶ ወደ ኮር ሒሳብ ዞሯል። የኦራክል ዳታቤዝ ኢንተርፕራይዝ እትም ደግሞ በዝርዝር ዋጋው ለአንድ ላይሰንስ 47,500 ዶላር ነው፤ በኢንቴልም በኤኤምዲም የኮሩ ቁጥር በ0.5 ይባዛል። በኤፒክ 9654 ላይ 48 ላይሰንስ ያስፈልጋል፤ 2,280,000 ዶላር። በዚኦኑ ላይ 28፤ 1,330,000 ዶላር። ልዩነቱ 950,000 ዶላር ነው። በዚህ ላይ በየዓመቱ የሚከፈለው የድጋፍ ክፍያ የላይሰንሱ 22 በመቶ ነውና በዓመት ሌላ 209,000 ዶላር ይጨምራል። በኮር 68 ዶላር አተረፍን ብሎ የገዛ ሰው ከዚህ ቁጥር ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚል አላውቅም። ትልልቅ ደንበኞች ቅናሽ ያገኛሉ፤ ቢሆንም ቅናሹ የላይሰንሱን ቁጥር አይቀንሰውም።

ይህ ማለት ዚኦኑ ለዳታቤዝ ይመረጣል ማለት አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ሁለቱም የተሳሳቱ ናቸው። ከዚያው ከኤፒክ ቤተሰብ 9174ኤፍ የሚባል አለ፤ 16 ኮር ብቻ፣ መነሻ ፍጥነቱ 4.1 ጊጋኸርትዝ፣ ካሹ 256 ሜጋባይት፣ የዝርዝር ዋጋው 3,850 ዶላር። ለአንድ ኮር 240 ዶላር ስለሚደርስ በተለመደው ስሌት ከሦስቱም የመጨረሻው ነው። የሚጠይቀው ግን 8 ላይሰንስ፣ 380,000 ዶላር ነው። ዳታቤዙ 16 ፈጣን ኮር ከበቃው ለእኔ ከሦስቱ እጅግ ርካሹ ይህ ነው።

ለዚኦኑ የሚሟገት ሰው አንድ ጠንካራ ነጥብ አለው፤ ኤኤምኤክስ የሚባለው በየኮሩ የተሠራ የማትሪክስ ስሌት ክፍል። ኤፒኩ ይህ የለውም። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴልን በ8 ወይም በ16 ቢት ቁጥር ያለ ግራፊክስ ካርድ ለሚያስኬድ፣ ሶፍትዌሩም ይህን ክፍል እንዲጠቀም ተደርጎ ከተሠራ፣ 56ቱ ኮሮች ከ96ቱ ሊቀድሙ ይችላሉ። ሶፍትዌሩ የማይጠቀምበት ከሆነ ግን የተከፈለበት ክፍል ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሌላው ነጥብ የነባር ሰርቨሮች ጉዳይ ነው፤ ቨርቹዋል ማሽንን ሳያጠፉ ከኢንቴል ወደ ኤኤምዲ ማዛወር ስለማይቻል፣ ዚኦን የሞላበት ክላስተር (አብረው የሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ) ላይ አንድ ኤፒክ ጣል ማድረግ ለአስተዳዳሪው የሌሊት ሥራ ይፈጥራል።

እንግዲህ አዲስ ክላስተር ከባዶ ለሚያቆም፣ በነጻ ሶፍትዌር ለሚሠራና ቻናሉን ሁሉ ለሚሞላ ሰው ያለ ማመንታት ኤፒክ 9654ን እመክራለሁ። ለሌላው ግን ከመግዛቱ በፊት የራሱን ሥራ በክላውድ ተከራይቶ ይሞክር እላለሁ። የሁለቱም ትውልድ ፕሮሰሰሮች በአማዞን ክላውድ ላይ አሉ፤ ኤም7ኤ እና ኤም7አይ ከሚባሉት የኪራይ ሰርቨር ዓይነቶች የመጀመሪያው በኤፒክ፣ ሁለተኛው በዚኦን ይሠራሉ። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኤም7ኤ አንድ ቪሲፒዩ (የክላውድ ፕሮሰሰር የሚከራይበት መለኪያ) አንድ ሙሉ ኮር ነው፤ በኤም7አይ ግን የአንድ ኮር ግማሽ፣ ማለትም አንድ ትሬድ ነው። ስምንት ቪሲፒዩ ከስምንት ቪሲፒዩ ጋር አወዳደርኩ የሚል ሰው ስምንት ኮርን ከአራት ኮር ጋር ነው ያወዳደረው፤ ሥራውን እኩል በሆነ የኮር ቁጥር ደግሞ ያስኪድና በሁለቱ ላይ የሚከፍለውን የሰዓት ኪራይ አብሮ ይመዝግብ።