በሽተኛውን እንቅልፍ አትንሱት

አባቴ ዳሌው ኦፕራሲዮን በተደረገ በሁለተኛው ሌሊት በሟች ወንድሙ ስም ጠራኝ። «በሬዎቹን አስገባሃቸው?» አለኝ። ከገጠር ከወጣ አርባ ዓመት አልፎታል። የምንኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የወደቀውም እዚያው ደረጃ ላይ ነው።

ማታ አስታማሚ ይውጣ ስለተባለ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ነበርኩ። ነርሷ ደውላ የጠራችኝ ጉሉኮሱን ነቅሎ ከአልጋ ሊወርድ ሲታገላት ነው። ስገባ ዓይኑን አፍጥጦ ጣሪያውን ያያል። «አባባ፣ እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት ነህ» አልኩት። እጄን ሲይዝ ትንሽ በረድ አለ።

ጠዋት ዘመድ ተሰበሰበ። አንዱ «ማደንዘዣው ጭንቅላቱን ነክቶት ነው» አለ። አክስቴ «ጠበል ይወሰድልኝ» ብላ አለቀሰች። ጎረቤታችን ለብቻዬ ጠርቶ «ዕድሜ ነው፣ እንግዲህ ጀምሮታል» አለኝ። ሁሉም ከፍቅር ነው የተናገሩት። የነገሩን ስም የነገረን ግን ዋርዱን ሲዞር የነበረ ወጣት ሐኪም ነው። ዴሊሪየም ይባላል።

ዴሊሪየም እብደት አይደለም። የመርሳት በሽታም አይደለም። አንጎል በድንገት ሲታወክ የሚመጣ ግራ መጋባት ነው። ብዙውን ጊዜ ከኦፕራሲዮን በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ባሉት ቀናት ይጀምራል። ረገብ ይላል፣ ደግሞ ይነሳል፣ ማታ ይብሳል። ከባድ ኦፕራሲዮን ከሚደረግላቸው አረጋውያን ከመቶው ከ15 እስከ 25 የሚሆኑትን ይይዛል። ዳሌው ለተሰበረ ሰው ቁጥሩ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። ስለ ደም፣ ስለ ጾም፣ ስለ ክፍያ ቀድሞ ተነግሮናል። ስለዚህ ግን አንድ ቃል የነገረን የለም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የሚጮኸው በሽተኛ ቢያንስ ይታያል። ከአባቴ አጠገብ ግን አንድ አዛውንት ተኝተው ነበር። ቀኑን ሙሉ ዝም። ሲያጎርሷቸው ይበላሉ፣ ሲጠሯቸው ዘግይተው ይዞራሉ። «እሳቸው ጎበዝ ናቸው፣ አያስቸግሩም» እንል ነበር። ሐኪሙ የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ ሲጠይቃቸው ከእሑድ ጀምረው ሐሙስ ላይ ጠፋባቸው። ዴሊሪየም እንዲህ በዝምታም ይመጣል። ብዙ ጊዜ ሳናየው የሚያልፈንም ይሄኛው ነው።

እንቅልፍ እዚህ ውስጥ ምን አገባው? በእኛ አነጋገር ሐኪም «አስተኝቶ» ነው ኦፕራሲዮን የሚያደርገው። ነገር ግን ሰመመን እንቅልፍ አይደለም። የአንጎልን ሞገድ የሚቀዳው ኢኢጂ የሚባለው መሣሪያ ልዩነቱን ያሳያል። በእንቅልፍ ጊዜ አንጎል ጥልቅ ወደሆነው ዝግተኛ ሞገድ ይወርዳል፣ ወደ ሕልም ይመለሳል፣ እንደገና ይወርዳል። በሰመመን ውስጥ ይህ ዙር የለም። ማደንዘዣው በጣም ከበዛ ደግሞ ሞገዱ ለሰከንዶች ጭራሽ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ይህ የታየባቸው በሽተኞች ለዴሊሪየም የቀረቡ ናቸው። ታዲያ ሞገዱን እያዩ ማደንዘዣውን መቀነስ ያድናል? እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው 60ና ከዚያ በላይ በሆነ 1,232 ሰዎች ላይ ተሞከረ። ሞገዳቸው እየታየ ከታከሙት ከመቶው 26፣ ከሌሎቹ ደግሞ 23 ያህሉ ዴሊሪየም ያዛቸው። የተሻለ ውጤት ያገኙ ጥናቶችም አሉ። ለእኔ ግን የሚታየኝ መሣሪያው ብቻውን እንደማይበቃ ነው።

ዋርዱን አስቡት። አባቴ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሦስት ሌሊት በሕመም ሳይተኛ አድሯል። ከዚያም በኋላ መብራቱ አናቱ ላይ እንደበራ ያድራል። ስልክ ይጮኻል። ሙቀት ለመለካት ይቀሰቀሳል። ሌሊት አስር ሰዓት ላይ ወለል ይወለወላል። ጤነኛ ሰውም በዚህ ይቃዣል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። በሽተኞቹ ኦፕራሲዮን የተደረጉ አልነበሩም፤ ለሌላ ሕመም የተኙ፣ ከ70 ዓመት ጀምሮ ያሉ አረጋውያን ናቸው። ቀን ያነጋግሯቸዋል፣ ያራምዷቸዋል፣ ውኃ ያጠጧቸዋል፣ መነጽራቸውን ያደርጉላቸዋል። ማታ ሞቅ ያለ ወተት ወይም የዕፅዋት ሻይ ይሰጧቸዋል፣ ጀርባቸውን ያሹላቸዋል፣ ጫጫታ ይቀንሱላቸዋል። ዴሊሪየም ከመቶ 15 ወደ 9.9 ወረደ።

ሞቅ ያለ ወተትና ጀርባ ማሸት! ይሄ እኮ በየቤታችን ያለ ነገር ነው። እንዲህ የሚያደርገውን አስታማሚ ማታ ከበር ውጭ ማሳደር አይገባኝም። ዋርዱ ጠባብ እንደሆነ አውቃለሁ። አንዲት ነርስ ስንት አልጋ እንደምትጠብቅም አይቻለሁ። ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ አረጋዊ አንድ አስታማሚ፣ አንድ ብቻ፣ ይደር የምለው። አልጋው ጠርዝ ላይ የሚያውቀው ፊት ይኑር። ግድ ካልሆነ ሌሊት አይቀስቀስ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ግራ መጋባቱን ያመጣው ኢንፌክሽን፣ የፈሳሽ እጥረት፣ ያልታገሠ ሕመም ወይም የታገደ ሽንት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወዲያው ለሐኪም ይነገር። «ይተኛ» ተብሎ እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒት ከኪስ አውጥቶ መስጠት ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያብሰዋል።

አባቴ በአምስተኛው ቀን ስሜን ጠርቶ ቡና ጠየቀኝ። አሁን በምርኩዝ ይሄዳል።

ከታች ፎቅ ያሉት የጋሼ ባለቤት ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ቀጠሮ አላቸው። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ድረሱ ተብለዋል። ከቱሉ ዲምቱ ሐኪም ቤቱ ለመድረስ ሌሊት አስር ሰዓት መነሳት ሊኖርባቸው ነው። ከሰበታም፣ ከለገጣፎም የሚመጣው እንዲሁ ነው፤ ገና ሳይጀመር አንድ ሌሊት ይጎድለዋል። ከጋሼ ጋር ተነጋገርን። እሑድ ማታ መሃል ከተማ ልደታ ያለችው ልጃቸው ጋር ያድራሉ። የባለቤታቸውን መነጽር ከአሁኑ ቦርሳ ውስጥ ከተውታል።