«ያስቀርባል» ከተባለ ለእኛም ይቅረብ

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ማሻሻያ ተነሥቶ ነበር። አንድ ወጣት ተሳታፊ፣ ሰበር ሰሚ ችሎት (በመጨረሻ ፍርዶች ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ ሲባል የሚያየው ችሎት) የሚይዛቸው ትልልቅ የሕግ ጥያቄዎች አስቀድመው በኢንተርኔት ይውጡ፣ ሕዝብም አስተያየት ይስጥባቸው አለ። አጠገቡ የተቀመጡት አንጋፋ የሕግ ባለሙያ አላስጨረሱትም። ፍርድ ቤት ቲክቶክ እንዳልሆነ፣ ዳኛ በላይክ ብዛት እንደማይፈርድ፣ የሰበር ክርክር ደግሞ ለተራ ሰው እንደማይገባው ነገሩት። ውይይቱ ወደ ሌላ ርዕስ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ።

ለተራ ሰው አይገባውም? ያ ተራ ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ «ሕጉን አላወቅኩም ነበር» ቢል ማን ይሰማዋል? ሕግን አለማወቅ ከተጠያቂነት አያድንም ይባላል። ሲቀጣ ይገባዋል፣ ሲጠየቅ አይገባውም ማለት ነው። ይህ ክርክር አይደለም። ንቀት ነው።

ነገሩ የገባኝ በአንድ ፍርድ ቤት በር ላይ ነው። ከራፖር ጸሐፊው ጠረጴዛ አጠገብ አንዲት ሴት ቆማለች። አረብ አገር ስምንት ዓመት ሠርታ ቤት ገዝታለች። ውሉን ከፌስታል አውጥታ አሳየችን። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው። ሦስት ምስክሮች ፈርመውበታል፣ አንዱ አውራ ጣቱን አትሟል። አሁን የቤት ዋጋ ሲንር ሻጩ ውሉን ካዳት። ራፖር ጸሐፊው አነበበና «እህቴ፣ ይሄ የመንደር ውል ነው። ሰበር ዘግቶታል» አላት። እሷም «ሰበር ማነው?» አለች። ሰው መስሏት ነበር።

ሰበር የዘጋው በ1999 ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት ይመዝገብ ይላል። ካልተመዘገበ ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም በሚለው ላይ ፍርድ ቤቶች ለዓመታት ተለያዩ። ሰበር ያልተመዘገበ ውል አይጸናም ብሎ ቁርጡን ተናገረ። ውሳኔው ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። በኋላም ራሱ ሰበር አለዝቦታል፤ ሻጩ መሸጡን ካልካደ የውሉ አለመመዝገብ መከራከሪያ ሆኖ አይነሣም ተብሏል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያን ቀን ማን ተሰማ? ገዢና ሻጭ። ውሳኔው ግን በመንደር ውል ቤት የገዛውን ሁሉ ያዘ። ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ።

የአዋጅ ቁጥር 454/1997 ትልቁ ነገር ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በፌዴራልም በክልልም ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ ያስገድዳል። የ2013ቱ አዋጅ 1234ም ይህንኑ አስቀጥሏል። እኔ ይህን ሕግ ማውጣት እለዋለሁ። ሌላ ስም የለውም። ታዲያ ፓርላማ ሕግ ሲያወጣ ረቂቁ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ባለድርሻ ይጠራል፣ ክርክሩ በቴሌቪዥን ይታያል፣ በመጨረሻም ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ሰበር ግን በሁለት ሰዎች ክርክር አገር የሚያስተዳድር ሕግ ይተረጉማል፤ እኛም የምንሰማው ከተፈረደብን በኋላ ነው። የምንሰማውም ከራፖር ጸሐፊ!

እኔ ፍርድ በድምፅ ብልጫ ይሁን አላልኩም። የጠየቅኩት መሰማት ነው። ለዚያ ደግሞ በሩ ድሮውንም አለ፤ የተዘጋብን እኛ ነን። ለሰበር የሚቀርብ አቤቱታ መጀመሪያ ሦስት ዳኞች ያዩታል። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበት ከመሰላቸው «ያስቀርባል» ይላሉ፤ የሚመረመረውንም ነጥብ ለይተው ይጽፉታል። አንድ አንቀጽ ናት። ያቺ አንቀጽ የተከራካሪዎቹ ስም ወጥቶ በፍርድ ቤቱ ድረ ገጽና ቴሌግራም ላይ ትለጠፍ። ስልሳ ቀን ይሰጥ። ጠበቃውም፣ የሕግ መምህሩም፣ ባንኩም፣ የእድር ዳኛውም የሚያውቀውን ይጻፍ። ዳኞቹ ያንብቡት፣ በውሳኔያቸውም የትኛውን ክርክር ለምን እንደጣሉት ይንገሩን። በተለይ ቀድሞ የተሰጠን ትርጉም ለመለወጥ ሰባት ዳኛ ሲሰየም ይህ በግድ መሆን አለበት።

የዳኛ ነፃነት ይነካል የሚሉ አሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በስተቀር በሌላ ሁኔታ አይመራም ይላል። ልክ ነው። ግን ሁለት ጠበቃ ሲያሳምነው ነፃነቱ ካልተነካ፣ ሁለት መቶ ሰው ሲጽፍለት የሚነካው በምን ምክንያት ነው? በጽሑፍ የሚፈራ ዳኛ በስልክም ይፈራል። እኔን የሚያሳስበኝ ማንም የማያየው የስልኩ ነው።

ደግሞ አዲስ ነገር አላመጣሁም። አያቶቻችን «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ ችሎቱ ዛፍ ሥር ነበር። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያዳምጣል፣ የተቀመጠው ሰው አስተያየት ይሰጣል። መንገደኛ እንኳ ዳኝነት ይጠየቅ ነበር። ያኔ ለተራ ሰው አይገባውም ያለ አልነበረም።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በግንቦት 2012 በኮሮና ምክንያት ምርጫውን የማራዘም ጉዳይ ሲነሣ፣ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በወቅቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በነበሩት በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ሰብሳቢነት ምን አደረገ? ባለሙያዎች ሐሳባቸውን በጽሑፍ እንዲልኩ ጠየቀ። ከዚያም ጠርቶ ሲያናግራቸው በቴሌቪዥን አየን። ስለ ምክር ቤት ምርጫ፣ ስለ ሥራ ዘመንና ስለ አስቸኳይ ጊዜ የሚናገሩት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54፣ 58 እና 93 የቤት ወሬ ሆኑ። ታክሲ ውስጥ ሰው ስለ ሕገ መንግሥት ትርጉም ሲከራከር ሰምቻለሁ። ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 የወሰነውን የወደደውም አለ፣ ያልወደደውም አለ። ግን ክርክሩ አልገባኝም ያለ ሰው አላጋጠመኝም። በዚያን ያህል ከባድ ጉዳይ ላይ የተቻለ ነገር በቤት ውል ላይ እንዴት አይቻልም? አንዴ ተደረገና ተረሳ። ያናደደኝም ይኸው ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ የፕሬዚዳንት ምርጫ ክርክርን በጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በቀጥታ ለሕዝብ ታሳያለች። በፈረንጆቹ 2017 ምርጫውን የሻረው ያው ፍርድ ቤት ነው። አገሪቱ ዳኞቹን ስላየች አልፈረሰችም።

የኔትወርክ ነገር እውነት ነው፤ ገጠር ያለው ሰው ድረ ገጽ አይከፍትም። እሱን እቀበላለሁ። ግን መፍትሔው በኤፍኤምና በወረዳ ማስታወቂያ ሰሌዳ መጨመር ነው። ኔትወርክ ያለውንም ሰው አብሮ መዝጋት መፍትሔ አይሆንም። የወጡት ውሳኔዎችም ቢሆኑ ቃል ተጽፎ የሚፈለግባቸው ይሁኑ። እኔ ኮምፒውተር ላይ ያሉት የሰበር ውሳኔ ጥራዞች «የመንደር ውል» ብዬ ስፈልግ ምንም አያወጡልኝም። ገጽ በገጽ እየገለጥኩ ነው የማነበው። ጠበቆችም በፍላሽ ነው የሚቀባበሏቸው። አገር የሚያስገድድ ሕግ በፍላሽ ሲዞር ማየት ያማል።

ከየትኛው መዝገብ ይጀመር ለሚል መልስ አለኝ። 1723 እንደገና ሰባት ዳኛ ፊት ሲቀርብ ከዚያ ይጀመር። ያቺ ሴት ሕግ አላነበበችም። ግን የመንደር ውል ለምን እንደሚጻፍ፣ ለምን ወደ ውልና ማስረጃ እንደማይኬድ፣ ምስክር እንዴት እንደሚካድ ከማናችንም በላይ ታውቃለች። ስምንት ዓመት ሙሉ ከልጆቿ ጋር በኢሞ ስትነጋገር ኖራለች። ጥያቄው በድምፅ ይላክላት። በድምፅ ትመልሳለች።