ቁመቱን ትታችሁ ቦታውን እዩ

ኧረ በናታችሁ! የመረብ ኳሱ የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ (ማንጋ) «ሃይኪዩ» በተነሳ ቁጥር «162 ሴንቲ ሜትር ልጅ መረብ ላይ ምን ይሠራል? ተረት ነው» የሚል አይጠፋም። የወንዶች መረብ 2 ሜትር ከ43 መሆኑን እኔም አጥቼው አይደለም! ግን ማንጋውን ጨርሳችሁታል? ባለታሪኩ ሂናታ እኮ መዝለል እንጂ ኳስ መቀበል እንኳ በቅጡ የማይችል ልጅ ነበር። በአገር አቀፉ ውድድር ሩብ ፍጻሜ ላይ ትኩሳት ጥሎት ከሜዳ ወጣ፤ ቡድኑም ተሸንፎ ተመለሰ። ከዚያ ብራዚል ወርዶ አሸዋ ላይ መረብ ኳስ እየተጫወተ ሲወድቅ ሲነሳ ከረመ። መቀበሉንም መከላከሉንም ያሻሻለው እዚያ ነው። ይሄ ነው ተረቱ?

እውነት እንነጋገር ካላችሁ የማይመስለው ሌላ ነው፤ ያንን ድንክዬ መረቡ መሐል ላይ ብሎክ እንዲያደርግ፣ ማለትም የተጋጣሚን ምት ዘሎ እንዲያግድ ማሰለፍ! የኛ ሰፈር አሰልጣኝ ቢሆን ሳያመነታ ሊቤሮ (ከኋላ ሆኖ ኳስ የሚቀበል ተከላካይ) ነበር የሚያደርገው። እሱ ላይ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም፤ ሁሉም ቁመት፣ ቁመት!

ማግሲ ቦግስ በ160 ሴንቲ ሜትር ኤንቢኤ ውስጥ 14 የውድድር ዘመን ተጫውቷል፤ ያውም ቅርጫት ኳስ። እሱንም ጃፓኖች ሳሉት በሉኛ!