«ፈረንጅ» የሚባለው መድፍ

ሰሞኑን አንድ ካፌ ውስጥ ሞቅ ያለ ክርክር ላይ ደረስኩ። አንዱ «ቻይና ባሩድን ፈጠረች፤ ከዚያ ርችት ተኮሰችበትና አርፋ ተቀመጠች። ፈረንጅ በገዛ ባሩዷ መጥቶ ደበደባት» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቀልዱ ያስቃል፤ ታሪኩ ግን ውሸት ነው።

ቻይናዎች የባሩድን አቀማመም በ1044 በወታደራዊ መጽሐፍ ጽፈው አስቀምጠዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 13ኛው ክፍለ ዘመን ሳያልቅ የነሐስ የእጅ መድፍ ነበራቸው። ርችት ብቻ የሚለውን እዚህ ላይ እንተወው።

እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ነገሩን መጀመሪያ የሠራው አገር፣ ሌላው አሻሽሎት ሲመጣ ሳያፍር ተቀበለ። ከማን እንደወሰደም አልደበቀም።

በ1521 እና በ1522 ያኔ ቻይናን ይገዛ የነበረው የሚንግ ሥርወ መንግሥት መርከቦች በደቡብ ቻይና፣ ጓንግዶንግ ዳርቻ ላይ ከፖርቱጋሎች ጋር ገጠሙ። ያሸነፉት ቻይናዎቹ ናቸው። የማረኩትንም መድፍ «ፎላንጂ» አሉት። እስቲ ቃሉን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አዎ፣ የእኛው «ፈረንጅ» ነው! ከ«ፍራንክ» የተወለደው ስም በአረቦችና በፋርሶች አፍ አልፎ አንዱ ቅርንጫፉ ወደ እኛ መጣ፤ ሌላው ከሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች ጋር ቻይና ደረሰ። የእነዚያው ፖርቱጋሎች ወገኖች ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1541፣ ከክሪስቶቮ ዳ ጋማ ጋር 400 ሆነው ነፍጣቸውን ይዘው ምፅዋ ወርደዋል።

እኛም በዚህ አንታማም። ውጅግራ፣ ምንሽር፣ አልቤን፣ ሰናድር የምንላቸው ጠመንጃዎች ስማቸውን ያመጡት ከፈረንጅ ሠሪዎቻቸው ነው።

ፎላንጂን ቀረብ ብለን እንየው። የተለመደው መድፍ በአፈሙዙ ነው የሚጎርሰው። ባሩዱ በአፉ ይገባል፣ ይጠቀጠቃል፣ አረሩ ይከተላል። ከተተኮሰ በኋላ ውስጡ ተጠርጎ እንደገና «ሀ» ተብሎ ይጀመራል። ፎላንጂ ግን ጀርባው ላይ ክፍት ነው። ባሩድና አረር አስቀድሞ የተሞላ፣ እጀታ ያለው ትልቅ የብረት ኩባያ የሚመስል ነገር እዚያ ይቀመጥና በሽብልቅ ይጠበቃል። ሲተኮስ ባዶው ይነሳል፣ የተሞላው ይተካል። ኩባያዎቹ ብዙ ከሆኑ ተኳሹ ፋታ አይሰጥም። ጉድለት ግን አለው። በኩባያውና በመድፉ መጋጠሚያ እሳትና ጭስ ስለሚያፈተልክ ጉልበቱ ይቀንሳል። ግንብ አይንድም፤ በፈረስ የሚመጣን ጦር ግን ያቆማል። ሚንግ ደግሞ በሰሜን በኩል ያስቸገረው ፈረሰኛ ነበር። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በመንግሥት ማምረቻዎች በብዛት ይሠራ ጀመር፤ በኋላም ጄኔራል ቺ ጂጓንግ በታላቁ ግንብ አካባቢ ጋሪ ላይ አስጫነው።

አሮጌውስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። በዚያ ዘመን የሰሜኑ ወታደር እጅ ላይ «ባለ ሦስት ዓይን» የሚባል መሣሪያ ነበር። ሦስት አጫጭር አፈሙዞች በአንድ ላይ ታስረው እንጨት እጀታ ላይ የተሰኩበት ነው። ቃታ የለውም፣ አነጣጥሮ መምታት ዘበት ነው። እኛ አገር ቢሆን «ቆመህ ጠብቀኝ» ይባል ነበር። ክር እያቀጣጠለ የሚተኩሰው አዲሱ ነፍጥ ከእሱ በብዙ ይሻላል። ወታደሩ ግን አሮጌውን አልለቅ አለ። ለምን? ፈረስ ላይ ሆኖ በዚያ ነፋስ የነፍጡን ክርና ባሩድ መጠበቅ ፈተና ነው። ባለ ሦስት ዓይኑ ሦስቴ ይተኮሳል፣ ከዚያ ተዘቅዝቆ ዱላ ይሆናል። ጄኔራል ቺ በሰሜኖቹ ግትርነት ተማርሯል። እኔ ግን በወታደሩ አልፈርድም። በመጽሐፍ የሚሻለው ሁልጊዜ ሜዳ ላይ አይሻልም።

ቀጥሎ ትልቁ መጣ። ቻይናዎች ሆላንዶችን «ቀይ ፀጉር አረመኔዎች» ይሏቸው ስለነበር፣ ረጅሙንና ወፍራሙን የአውሮፓ መድፍ «ሆንግ ዪ»፣ ቀዩ አረመኔ፣ ብለው ሰየሙት። ሹ ጓንግቺን የመሰሉ ካቶሊክ የሆኑ ባለሥልጣናት መድፍና ተኳሽ በቻይና ዳርቻ ማካው ላይ ከሰፈሩት ፖርቱጋሎች እንዲመጣ ወተወቱ። በ1626 የኒንግዩዋን ከተማ አዛዥ ዩዋን ቾንግሁዋን 11 እንዲህ ያሉ መድፎች ግንቡ ላይ ሰቅሎ ጠበቀ። እስከዚያ ድረስ ያልቀመሰውን ሽንፈት፣ ከሰሜን ምሥራቅ ሚንግን ይወጋ የነበረው የማንቹ ሕዝብ መሪ ኑርሃቺ እዚያ ቀመሰ። በዚያው ዓመትም ሞተ። ንጉሠ ነገሥቱ ከመድፎቹ ለአንዱ የታላቅ ጄኔራልነት ማዕረግ ሰጡት። ደመወዝ የማይጠይቅ ጄኔራል!

ደመወዝ የሚጠይቁት ሰዎች ጉዳይ ግን ሌላ ሆነ። ሌላው ካቶሊክ ባለሥልጣን ሱን ዩዋንሁዋ ዴንግጆው ከተማ ላይ ፖርቱጋል አሠልጣኞች ያሉት የመድፈኛ ጦር አቋቋመ። በጊዜው ከዚያ የተሻለ በሚንግ ምድር አልነበረም። በ1631 ማብቂያ ከዚያው የተነሳ ጦር የተከበቡ ወገኖቹን ሊረዳ ወደ ሰሜን ዘመተ። ብርድ ነው፣ ስንቅ የለም፣ በየመንገዱ ያለው ሰው በሩን ይዘጋባቸዋል። አንድ ወታደር የአንድ ባላባት ዶሮ ሰረቀ። ተቀጣ። ጓደኞቹ ቱግ አሉ። አመጹ ከዶሮዋ ተነስቶ ዴንግጆውን እስከ መያዝ ደረሰ። ከ20 በላይ ትልልቅ መድፎች በአማጺው እጅ ገቡ። ፖርቱጋሉ አዛዥ ከተማዋን ሲከላከል ተገደለ። ሱን ዩዋንሁዋን ደግሞ «አመጹን አላስቆምክም» ብሎ የገዛ መንግሥቱ በ1632 አንገቱን ቆረጠው። በ1633 የአማጺው መሪ ኮንግ ዮውዴ መድፉንም መድፈኛውንም ይዞ ባሕር ተሻግሮ ለማንቹዎች ገባ። የኑርሃቺ ልጅ ሆንግ ታይጂ አቅፎ ተቀበለው።

ማቀፍ ሲያንሰው ነው። ማንቹዎች የራሳቸውን ትልቅ መድፍ ማቅለጥ የጀመሩት ገና በ1631 ነበር። አሁን ከነሙሉ ባለሙያው በእግሩ መጣላቸው። ስሙን ብቻ አልወደዱትም፤ «አረመኔ» የሚለው ቃል ለእነሱም ይነገር ነበርና። በቻይንኛ «ዪ» የሚለው ድምፅ ልብስም ማለት ይሆናል። ፊደሉን ቀየሩና «ቀዩ አረመኔ» ሲጠራ ሳይለወጥ «ቀዩ ልብስ» ሆነ። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

ቻይናን የጎዳት የውጭ ነገር መናቋ ነው የሚሉትን የማልቀበለው ለዚህ ነው። ነገሥታቱ ንቀት ቢኖራቸው ጀርመናዊውን ቄስ አዳም ሻልን መድፍ አቅልጥልን አይሉትም ነበር። ሰውዬው ያወቅኩት ከመጽሐፍ ነው ብሎ ቢያንገራግርም አልለቀቁትም። ከሚንግ በኋላ ቻይናን የገዛው፣ ማንቹዎች የመሠረቱት የቺንግ ሥርወ መንግሥትም በ1670ዎቹ ፍሌሚሹን ቄስ ፈርዲናንድ ፈርቢስትን ለዚሁ ሥራ ያዘ። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሚሲዮናውያኑን «መድፍ ሥሩ» ሲሏቸው፣ ቤጂንግ ከ200 ዓመት በፊት ያንኑ ብላ ነበር።

የጎዳት የሚያውቀው ሰው ማለቁ ነው። ሚንግ ሰዎቹን አስርቦና ገድሎ ጨረሳቸው። ቺንግን ደግሞ ሰላም አዘናጋው። በ1750ዎቹ ዙንጋር የሚባሉትን የሞንጎል ወገኖች ካጠፋ በኋላ አቻው የሆነ ጠላት አጠገቡ አልቀረም። አውሮፓ በዚያው ጊዜ እርስ በርሷ ስትፋጅ መድፏን በየጊዜው ታሻሽል ነበር። በ1841 የእንግሊዝ መርከቦች ወደ ጓንግጆው የሚያስገባውን የወንዝ በር ሲሰብሩ፣ ከምሽጎቹ መድፎች ብዙዎቹ አንድ ቦታ ተተክለው ወደ ግራም ወደ ቀኝም የማይዞሩ ነበሩ። መርከቡ ከፊታቸው ዞር ካለ በቃ። አድሚራል ጉዋን ቲያንፔይ እዚያው ምሽጉ ላይ ተገደለ።

ከዚያ በፊት በ1793 የእንግሊዙ መልእክተኛ ማካርትኒ ለንጉሠ ነገሥቱ ካመጣቸው ስጦታዎች መካከል ለንደን አጠገብ ዉልዊች በተባለው የመድፍ ማምረቻ የተሠሩ ሁለት አጫጭር መድፎች ነበሩበት፤ ከነሠረገላቸው፣ ከነዕቃቸው። በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ቤጂንግ አጠገብ የነበረውን የንጉሠ ነገሥቱን የበጋ ቤተ መንግሥት ሲዘርፍ መድፎቹ ከነሙሉ ዕቃቸው ተገኙ። እንግሊዞቹ ጫኗቸውና ወደ አገራቸው መለሷቸው።