የጎደለን ሙያ አይደለም

መስከረም 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ለተመድ የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት የውሳኔ ሐሳብ ማቅረቢያው ቀነ ገደብ አለፈ። ኢትዮጵያን ይመረምር የነበረው የተመድ የሰብዓዊ መብቶች ባለሙያዎች ኮሚሽን የሥራ ዘመን ይራዘም የሚል አንድም አገር አልተገኘም። በዋዜማው የአውሮፓ ኅብረት ኮሚሽነር ዩታ ኡርፒላይነን አዲስ አበባ ላይ የ650 ሚሊዮን ዩሮ ድጋፍ ይፋ አድርገዋል። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኮሚሽኑ እንዲቋቋም ጠይቆ ያስወሰነው ይኸው ኅብረት ነበር።

ለተጎጂዎች የቀረበው ማጽናኛ «ኢትዮጵያ የሚያስፈልጋት ምርመራ ሳይሆን ቴክኒካዊ ድጋፍ ነው» የሚል ነው። መንግሥትም ሲለው የከረመ ነገር ነው። የዚህ ክርክር አቅራቢዎች ደግሞ ደፍረው ይጨምራሉ፦ መርማሪዎቹ ድርጊቱ የተፈጸመበት ቦታ ሳይደርሱ ነው ሪፖርት የጻፉት። ማን ከለከላቸው? ሐምሌ 2014 አዲስ አበባ መጥተው ባለሥልጣናት አነጋገሩ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ መስክ የሚወስዳቸው ፈቃድ አላገኙም። ኡጋንዳ ኢንቴቤ ተቀምጠው በርቀት ምስክር ለመስማት ተገደዱ። ፈቃዱን የከለከለው ወገን «አልደረሱም» ብሎ ሲከስ ማፈር ነበረበት።

ወደ ድጋፉ ልመለስ። ቴክኒካዊ ድጋፍ እዚህ አገር ሠርቶ ያውቃል። ደርግ ከወደቀ በኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሲቋቋም የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች መጥተው የጅምላ መቃብር ቆፈሩ፣ አጽም ከአጽም ለዩ። የታነቁበት የናይሎን ገመድ ከአንገታቸው ሳይወልቅ የተገኙ ሰዎች ነበሩ። ማስረጃው ፍርድ ቤት ገባ። ይህ ሁሉ የሆነው ግን ተከሳሹ የተሸነፈ ጠላት ስለነበረ ነው።

ተከሳሹ ራሱ መንግሥት ሲሆን የሆነውንም አይተናል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ለተፈሰሰው ደም ፓርላማው አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። አባላቱ የአገር ልጆች ናቸው፤ ሰብሳቢው ፍሬሕይወት ሳሙኤል ዳኛ ነበሩ። ከ1,300 በላይ ምስክሮችን ሰሙ፣ 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን መዘገቡ፣ አብዛኞቹ አባላትም የተወሰደው የኃይል እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነው ብለው ድምፅ ሰጡ። ያንን ሥራ ለመሥራት ማንም ፈረንጅ መጥቶ ማሠልጠን አላስፈለገውም። ከዚያስ? ውጤቱን እንዲቀይሩ ጫና በረታባቸው፤ ሰብሳቢውና ምክትላቸው ከአገር ተሰደዱ፤ ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት እርምጃውን ተመጣጣኝ ነው አለው። እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት የአቅም ግንባታ ጎድሏቸው ነበር? ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ የሦስት ቀን ዐውደ ጥናት? አበል፣ የሰነድ ማቀፊያ፣ የጋራ ፎቶግራፍ? ባለሙያ ነበረን፤ እውነቱን ይዞ ሲመጣ አሳደድነው።

ዛሬ በትግራይ ጦርነት ጊዜ በአክሱምና በማይካድራ፣ በምዕራብ ወለጋም በቶሌ ስለተፈጸመው ግፍ ሲጠየቅ ከተጠርጣሪዎቹ መካከል የመከላከያ ሠራዊት አለ፣ የኤርትራ ጦር አለ፣ የትግራይ ኃይሎችና ሌሎች ታጣቂዎች አሉ። በአማራ ክልል ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ውጊያው ቀጠለ። ለዚህ ሁሉ መልሱ ሥልጠና ነው የሚል ሰው ሟቾቹን ንቋል።

የመንን ያየ ሰው የዚህን መንገድ መጨረሻ ያውቃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት 2021 ምክር ቤቱ ገለልተኛ መርማሪዎቹን በ21 ለ18 ድምፅ አሰናበተ፤ ቴክኒካዊ ድጋፉ ግን ቀጠለ። አራት ወር ሳይሞላ ሳዓዳ ውስጥ እስር ቤት በአየር ተደብድቦ ከ80 በላይ ሰው አለቀ። ያንን ድብደባ ሊመረምሩ ይችሉ የነበሩት ሰዎች ተሰናብተው ነበር።

የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በ2016 ዓ.ም. ጸድቋል፤ ይጽደቅ። ግን አውሮፓውያኑ የዚያን 650 ሚሊዮን ዩሮ አፈጻጸም ሲመክሩ በግልጽ ይጠይቁ፦ የፎረንሲክ ባለሙያዎች አክሱም፣ ማይካድራና ቶሌ ድረስ ያለ አጃቢ ይገባሉ ወይ? ኮሚሽኑ የሰበሰበው የምስክሮች ቃል ስማቸው ተጠብቆ ለነገ ፍርድ ቤት ይቀመጣል ወይ? መልሱ እምቢ ከሆነ በመጋቢት ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ያልቀረበውን የውሳኔ ሐሳብ ያቅርቡ፤ «ድጋፍ ሰጥተናል» የሚለውን ቃል ደግሞ ልጇን ቀብራ ለምትጠይቅ እናት አይንገሯት።