የኮክ ፍሬና የገል ስባሪ

ሮም ውስጥ ሳን ጆቫኒ የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። የሲ መስመር (Line C) ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ2018 የተከፈተ ነው። ወደ ታች በወረድኩ ቁጥር ግድግዳው ላይ የተጻፈው ዘመን ወደ ኋላ ይሄዳል። ሲቆፍሩ የጥንት ሮማውያን እርሻ ነው ያገኙት፤ ትልቅ የውሃ ገንዳ ያለው። ዕቃውን በመስታወት ውስጥ ደርድረውታል። እኔን ያስቆመኝ ግን የኮክ ፍሬ ነው። እኛ በልተን የምንተፋው ፍሬ! መብራት በርቶለት ተቀምጧል።

ከዚያ በእግር ሳን ክሌሜንቴ ቤተ ክርስቲያን ይደረሳል። ላይኛው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሥሩ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን አለ። ከዚያም በታች የ1ኛው ክፍለ ዘመን ሕንፃ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ቆማችሁ ጆሯችሁን ስትሰጡ የሚወርድ ውሃ ይሰማል። እኔ ሁልጊዜ የአገሬ ወንዝ ቦርከና ትዝ ይለኛል።

ዘንድሮ አገር ቤት ገባሁ። የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ላይ የቤት መሠረት እያስቆፈረ ነበር። ከሰው ወገብ በላይ ሲጠልቅ ጥቁር፣ አመድ የመሰለ አፈር ወጣ። ከውስጡ የገል ስብርባሪ። ቆፋሪው በአካፋ ዝቆ ሲኖትራኩ ላይ ወረወረው።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩት።

«ገል ነው ጋሼ፣ ምንም አይደል» አለኝ። በሱ አልፈርድም፤ የሚከፈለው በጉድጓዱ ጥልቀት ነው።

ደሴን የትናንት ከተማ እንላታለን። አፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1882 ባለ ጭራ ኮከብ አይተው «ደሴ» አሏት፤ ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ የሚባለውን የግብር አዳራሽ አሠሩባት፤ ታሪኩን እዚህ ላይ እንጀምራለን። ግን የኢማም አሕመድን ዘመቻ የመዘገበው የ16ኛው ክፍለ ዘመን ድርሳን በዚሁ አገር ዋሰል የሚባል ስፍራ ይጠራል። ኮምቦልቻ ዘንድ ደግሞ ከአለት የተፈለፈለ አንበሳ አለ። ተመራማሪዎች አክሱም ጎቦድራ ካለው የአለት ቅርጽ ጋር እያነጻጸሩ ጽፈውበታል። አለት የሚፈለፍል ሰው ቤት ነበረው፣ ድስት ነበረው፣ ልጅ ነበረው። የት ሄዱ? ከእግራችን ሥር ካልሆነ የት ይሆናሉ?

ከመሬት በላይ ያለውንም አጥተናል። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘረፈ። ያንን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ለዚህ ነው ሥር ያለው የሚያስጨንቀኝ፤ እሱን እስካሁን ማንም አልወሰደብንም።

ሮም ሀብታም ናት። እሷም ብትሆን ያንን የባቡር መስመር መሥራት ብዙ ዓመታት ፈጅቶባታል። ደሴና ኮምቦልቻ ግንባታ ያቁሙ አልልም፤ ሰው ቤት ያስፈልገዋል። ግን መሠረት ሲቆፈር አንድ የታሪክ ተማሪ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቢቆም? ፎቶ አንስቶ ጥልቀቱን ለክቶ ገሉን በፌስታል ቢይዝ? የዚህ ወጪው የአንድ ሰው የቀን አበል ነው።

ሲኖትራኩ ሳይነሳ ወጥቼ አንድ ስባሪ አነሳሁ። ማታ ለአክስቴ ሰጠኋት። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ገለበጠችው፤ በጣቷ ሥሩን አሸችው።

«ይሄ የወጥ ድስት ነው፤ ጥላሸቱን አታይም እንዴ የኔ አባት?» አለች። ከዚያ ተነስታ ልጆች ከማይደርሱበት ከቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችው።