«ስንት ኮፒ ላምጣልህ?»

እንግሊዝ ሀገር መኖር ከጀመርኩ አስራ አንድ አመቴ ነው፣ ዘንድሮ ደሴ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ግን አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ቀርቷል፣ ካልተነፈስኩት አይለቀኝም።

እዚህ በጣም የምወደው አንድ ደራሲ አለ። ልቦለድ ይጽፋል፣ ለፊልምም ስክሪፕት ይጽፋል። አንዱን መጽሐፉን ባቡር ውስጥ ስጨርስ መውረጃዬን ሁለት ፌርማታ አለፍኩና በቃ ለዚህ ሰውዬ ካልጻፍኩለት አልኩ። አድራሻ ብፈልግ ስልክ የለ፣ ኢሜይል የለ። ያለው የኤጀንት፣ ስራውን የሚሸጥለት ወኪል፣ አድራሻ ነው፣ እሱም ለመጽሐፉ አንድ ለፊልሙ ደግሞ ሌላ። ንጉሥ ሚካኤል ዘንድ ለመግባት እንኳን ደሴ ቤተ መንግስታቸው መርሆ ግቢ ይሄን ያህል በረኛ የነበረ አይመስለኝም! ለማንኛውም በወረቀት ጽፌ ቴምብር ለጥፌ ላኩና ረሳሁት። ከሁለት ወር በኋላ ፖስትካርድ መጣ፣ በራሱ እጅ የተጻፈ አራት መስመር። የወደድካት ትዕይንት መጀመሪያ ለፊልም ጽፌያት አንፈልግም ብለው የመለሱልኝ ናት፣ አሳዝናኝ መጽሐፉ ውስጥ ከተትኳት ይላል። ፍሪጅ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ሚስቴ እስካሁን ትስቅብኛለች።

አሁን ወደ ደሴ። ወይዘሮ ስህን ስማር ክፍሉን በሙሉ ያሳበደ አንድ ልቦለድ ነበር። ያነበብኩት ፒያሳ ከነበረ መጽሐፍ አከራይ ነው፣ በቀን 50 ሳንቲም፣ የተማሪ መታወቂያ አስይዘህ። ሽፋኑ በካርቶን ተለብጦ በሲባጎ የተሰፋ ነው፣ ሁለቱ ፍቅረኞች ከስንት አመት በኋላ የሚገናኙበትን ቅጠል ደግሞ አንዱ የማይረባ ገንጥሎ ወስዶታል። ምን ተባብለው ይሆን እያልኩ ስንት ሌሊት አደርኩ መሰላችሁ።

ዘንድሮ ታዲያ መጽሐፉ ድጋሚ ታትሞ አዟሪ እጅ ላይ አየሁት። ገለጥ ሳደርገው የደራሲው ሞባይል ቁጥር የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ኤጀንት የለ ምን የለ። ልቤ እየመታ ደወልኩ፣ ወዲያው አነሱት። «ጋሼ፣ የድሮ አንባቢዎ ነኝ፣ ከውጭ ነው የመጣሁት» ብዬ ገና ስለ ፍቅሬ ሳላወራ

«አብሽር የኔ ልጅ፣ ስንት ኮፒ ላምጣልህ?»

እውነቱን ልናገር ተናደድኩ። ሃያ ምናምን አመት የተሸከምኩትን ነገር ልነግረው ስል እንደ ሽንኩርት ነጋዴ ስንት ኪሎ ይለኛል እንዴ!

በማግስቱ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥተው መጡ። ጉሙ ገና አልተነሳም፣ ኮታቸው ትከሻው ላይ ረጥቧል፣ በእጃቸው ጥቁር ፌስታል፣ ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ ከዛ ውስጥ ስድስት መጽሐፍ። መጽሐፎቹን ከነካቸው ውሃ በሶፍት እየጠረጉ ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው። ከዛ ስለ ስክሪፕት አወሩኝ። ለአንድ ተከታታይ ድራማ በክፍል ይከፈልሃል ተብለው ስድስት ክፍል ጽፈው አስረክበዋል፣ የተከፈላቸው የሁለቱ ነው፣ ስፖንሰር ጠፋ ተባሉ፣ ድራማው ግን በሌላ ሰው ስም ተላለፈ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብትን ደራሲው ከሞተ በኋላ እንኳን 50 አመት ይጠብቃል ብላቸው «በቁሜስ?» አሉኝ።

እኔ ደሞ አላርፍ ብዬ ሌክቸር ጀመርኩ። እንግሊዝ ሀገር ሰው ከህዝብ ቤተ መጽሐፍት መጽሐፍህን በተዋሰ ቁጥር መንግስት ጥቂት ፔንስ ያስብልሃል፣ ህጉ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ነው፣ በአመት እስከ 6,600 ፓውንድ ይደርሳል አልኳቸው። አሜሪካኖቹ የስክሪፕት ጸሐፊዎች ደግሞ በ2023 ክፍያችን አነሰ ብለው 148 ቀን ስራ አቁመው ሆሊውድን ቀጥ አደረጓት አልኳቸው። ማኪያቷቸውን አማስለው አማስለው «እኛ 148 ቀን ብናቆም ማን ያውቅብናል?» አሉ። ስቄ ሳልጨርስ «ለንደን ፊልም የሚሰራ ሰው ታውቃለህ ግን?» ሲሉኝ አላውቅም አልኩ። የማውቀው የቤቴን አከራይና የስራ አለቃዬን ነው፣ ምን ልበል።

ያኛው ደራሲ እኮ አራት መስመር ብቻ የጻፈልኝ እኔ እንድገዛው ስለማይፈልግ ነው፣ የሚሸጥለት ሰው አለው። የኛው ግን ጸሐፊም አሳታሚም አከፋፋይም ራሱ ነው፣ ታዲያ ስልኩን ሲያነሳ የትኛው ሆኖ ያናግረኝ? ይሄ የገባኝ ደግሞ ዘግይቶ አውሮፕላን ውስጥ ነው፣ እዛው ቁጭ ብዬማ ኩርፊያዬ አልለቀቀኝም ነበር።

ስድስቱንም ገዛሁ። መልሱን ያዙት ብላቸው እምቢ ብለው የታጠፉ ብሮች አንድ በአንድ ቆጥረው መለሱልኝ። መጀመሪያ የት እንዳነበብኩት ሲጠይቁኝ አፍሬ ከአከራዩ አልኩ። ሳቃቸው መጣ፣ «እሱማ አንድ ኮፒ ገዝቶኛል፣ ያውም በቅናሽ! ደሴን በሙሉ ያስነበበው በሷ ነው።»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝና የተገነጠለውን ቅጠል ነገርኳቸው፣ አዲሱን እትም አንስቼም መፈለግ ጀመርኩ። እጄን ያዝ አደረጉኝ። «አትልፋ፣ ወረቀት ጣራ ነክቶ ስለነበር እሷን ቦታ አውጥቻታለሁ» አሉ።

የድሮው እትም እሳቸው ጋርም የለም። «ቆይ እስቲ፣ ምን ነበር ያባባልኳቸው?» ብለው ጣራ ጣራውን ማየት ጀመሩ።